በየብሎኑ አንድ ጠብታ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን ከወዲሁ ልናገር፣ በኋላ "ምነው አንቺ ሴትዮ!" እንዳትሉኝ። እናቴ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለች ነው ያሳደገችኝ። ዳቦ ስገዛ ገልብጬ አያለሁ። ስልክ ደውሎ "እንዴት ነሽ፣ ጠፋሽ እኮ" ያለኝን ሰው፣ ምን ፈልጎ ይሆን እላለሁ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ" ይለኝ ነበር። ልክ ነበር፣ ግን ያን ጊዜ ልክ ነህ ብዬው አላውቅም።

ባሌ ሲሞት ትቶልኝ የሄደው አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ነው። በእሷ ጠዋት የሰፈር ልጆችን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ። አሥራ አራት ነበሩ። ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው፣ ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጣል። ወላጆቻቸው ጠዋት በር ላይ ቆመው ልጃቸውን አንስተው ይሰጡኛል፣ እኔ ደግሞ ማንንም የማላምነው ሴትዮ በሰው እምነት እኖራለሁ። ይቺ መኪና አንድ ቀን ልጆቹን እንደጫነች ጉድ ብትሠራኝ ምን ይውጠኛል? ከባሌ ሞት በኋላ ጠዋት ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማስበው ይህንን ነው።

እና አንድ ሰሞን መኪናዋ ትንጫጫ ጀመር። ሞተሯ እንደ አሮጌ ሚኒባስ ሁሉ ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ነው፣ ስለዚህ ሕመሟን የምሰማው በጆሮዬ ብቻ አይደለም። ማርሽ ስቀይር ከሥሬ "ዷ!" ይላል። ስቆም ትንቀጠቀጣለች። ትንሿ ልጅ "እትዬ፣ መኪናዋን ብርድ ይዟታል?" አለችኝ፣ ልጆቹም ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ሁለት ጋራዥ አሳየሁ። አንዱ "ሞተሩ አልቆለታል፣ ይቀየር" አለኝ። ሌላው መቀመጫውን እንኳ አንሥቶ ሳያይ ራሱን ነቀነቀ። የአክስቴ ልጅ፣ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ነው፣ "ሽጪያት እቴ፣ ገዢ አለኝ" አለኝ። መሸጥማ መሸጥ ነው፣ ከዚያ እኔ ምን ልነዳ? እሱን?

ጋሽ ጠብታን ያሳየኝ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። "ከኔ ጀርባ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ አሳዪያቸው፣ ምንም አትጎጂም" አለኝ። ምንም አትጎጂም ሲሉኝ ነው የምፈራው። ግን ሄድኩ። በጎማ ቤቱና በግንቡ መካከል መኪና በጭንቅ የምትገባበት ጠባብ ቦታ አለች፣ ላይዋ ቆርቆሮ ነው። መሬቱ ተጠርጎ እንደ ሳሎን ያበራል። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ በሰሌዳው ላይ የየመፍቻው ቅርጽ በቀለም ተሥሏል፣ መፍቻው ከቦታው ከጠፋ ቅርጹ ብቻውን ይታያል። ሰውየው ቀጭን ናቸው፣ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ቱታቸው ደግሞ ተተኩሷል። የተተኮሰ የመካኒክ ቱታ አይቼ አላውቅም፣ እሱንም ጠረጠርኩ።

ረጅም ካቻቢቴ አንሥተው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እንደ ሐኪም አዳመጡ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣

"ሞተሩ ጤነኛ ነው" አሉ።

"ታዲያ ምኑ ነው የሚጮኸው?"

"አቀማመጡ። ሞተሩን የያዙት አራት ብሎኖች ላልተዋል። አዲስ ዕቃ አያስፈልግሽም፣ እነዚሁኑ አጽድቼ እመልሳቸዋለሁ።"

በቃ። ሁለቱ ጋራዦች ሞት የፈረዱባትን መኪና እኚህ ሰውዬ በአሮጌ ብሎን አድናታለሁ ሲሉኝ ደስ ይለኛል? እኔ? ባዶ ሳጥን ገልብጬ ከጎናቸው ቁጭ አልኩና ዓይኔን እጃቸው ላይ ተከልኩ።

ሞተሩን በክሪክ ደግፈው ብሎኖቹን አንድ በአንድ አወጡ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈተጉ፣ በቤንዚን አጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉ፣ እስኪደርቅ ጠበቁ። ቀዳዳዎቹንም እንደዚያው። እኔ ቤቴን እንዲህ አላጸዳም። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጡ፣ ነቅነቅ ነቅነቅ አደረጓትና በብሎኑ ጥርስ ላይ አንድ ጠብታ ጠብ አደረጉ። እንደ ቀለም ሰማያዊ ነው። ብሎኑን መለሱ፣ ከንፈራቸው ዝም ብሎ እየተንቀሳቀሰ አጠበቁ። ቀጣዩን አነሡ፣ እንደገና አንድ ጠብታ።

"ምንድን ነው እሱ ጋሼ?"

"መድኃኒት ነው።"

"የምን መድኃኒት?"

"የብሎን" አሉና ብልቃጧን ወደ ኪሳቸው መለሱ። "ዛሬ አትነሣም። መድኃኒቱ ይደር።"

ጎሚስታው ከበሩ ላይ ሆኖ "ለዚህ እኮ ነው ጠብታ የሚባሉት" ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን መኪናዬን ጥዬ በእግሬ ስሄድ ያቺን ቃል አፌ ውስጥ አላምጣት ነበር። መድኃኒት። ብሎን ሳል ይዞታል? እኛ ዘንድ መድኃኒት ሐኪም የሚያዘው ብቻ አይደለም። ባሏ ከቤት አልወጣ ያላት ጎረቤቴ "መድኃኒት አድርጋበት ነው" ተብላ ስንት ዓመት ታምታለች። ከንፈራቸውስ ምን ይል ነበር? በኋላ ሳውቀው ቁጥር ነው፣ የመፍቻውን ምት ይቆጥሩ ነበር። ያን ቀን ግን ራሴን "አንቺ ሴት፣ ደግሞ ብሎን ተደገመበት ልትዪ ነው?" ብዬ ሳቅሁ፣ ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም።

በማግሥቱ አመጣኋት። ዝም! ማርሽ ብቀይር ዝም፣ ጉድጓድ ብገባ ዝም። ሌላ ሰው ቢሆን ይመርቃል። እኔ "ለምን እንዲህ ዝም አለች?" አልኩ።

የአክስቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣና ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ሰማያዊው ጠብታ ስደርስ ጭኑን እየመታ ሳቀ።

"ሙጫ ነዋ! እቴ፣ ተበላሽ! ብሎኑን ያጣብቀዋል፣ ሌላ መካኒክ እንዳይፈታው። ከእንግዲህ ዕድሜ ልክሽን የሱ ደንበኛ ነሽ። አስሮሻል!"

አቤት፣ ይቺ ነገር እንዴት ውስጤ ገባች! ልክ ነዋ። ለዚህ ነዋ "ይደር" ያሉት። ለዚህ ነዋ ቱታው የሚተኮሰው። ሁሉን ስጠረጥር የኖርኩ ሴት፣ መኪናዬን እንድሸጥ ሲለምነኝ የከረመውን ደላላ ዘመዴን አልጠረጠርኩትም። እሱም ቢሆን ክፉ ሰው አይደለም፣ የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ማለት ይወዳል እንጂ።

ጓደኛው ጋራዥ ወሰደኝ። ሸክላ የተነጠፈበት፣ እንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥን ያለው ጋራዥ ነው። መካኒኩ መፍቻውን ቢያሳርፍ ብሎኑ እምቢ አለ። ጨክኖ ሲጎትተው "ቀጭ!" ብሎ ለቀቀ፣ ከጥርሱ ላይ ሰማያዊ ብናኝ ረገፈ።

"ይኸው" አለኝ። "ሙጫ።"

አራቱንም ፈታቸው። ሰማያዊውን አጥቦ አወጣ፣ ለማሳመር ይመስል ትንሽ ዘይት ቀባቸውና መልሶ አሰራቸው። "አሁን ማንም ይፈታዋል፣ ነፃ ነሽ" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ማንም የሚፈታውን ብሎን መንገዱም ሊፈታው እንደሚችል ማን አስታወሰኝ?

ከዚያ ቀጥታ ጋሽ ጠብታ ዘንድ። ሌላ መኪና ሥር ተኝተው ነበር፣ እግራቸው ብቻ ይታያል።

"ውጣ!" አልኩ። "አንተ! ውጣ ነው የምልህ!"

አንተ አልኩ። አባቴ ሊሆኑ ምንም የማይቀራቸውን ሰው። ዛሬ ሳስበው አፌ ቁርጥ ይበልልኝ። ቀስ ብለው ወጡ፣ እጃቸውን ጠረጉ።

"እኔን በሙጫ ልታስረኝ? አስፈታሁት! አንተ ብቻ ነህ መካኒክ? ሞኝህን ፈልግ!"

ጎሚስታው የያዘውን ጎማ ጥሎ መጣ። ሁለት ደንበኞች ቆመው ያዩናል። ሰውየው አልተቆጡም፣ ይህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

"አራቱንም ነው የፈቱት?" አሉ።

"አራቱንም!"

"ሲመልሱት በደረቁ ነው ወይስ በዘይት?"

"በማር!" አልኩ።

"እህቴ፣ እባክሽ፣ ልጆቹን ከመጫንሽ በፊት..."

"ሁለተኛ ከመኪናዬ አጠገብ እንዳላይህ! ብትደርስ ፖሊስ ነው የምጠራው!" ብዬ በሩን ደርግሜ ሄድኩ።

ክፉ ወሬ ደግሞ የፈለገውን አያጣም። እዚያው ሰፈር ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ "እሑድ እሑድ በፌስታል ነገር ቋጥረው ወደ ላይኛው ሰፈር ይሄዳሉ፣ ሌላ ቤት አላቸው ይባላል" አለችኝ። ለወሬው እጄን ዘርግቼ ነው የተቀበልኩት። አልነገርኳችሁም? ስል ነበር፣ ለራሴ።

በሳምንቱ ልጆቹን አውርጄ ዞር ስል ማንን አያለሁ? በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ቆመው የመኪናዬን ሆድ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ሳያቸው ሄዱ። ቀጥሎ በጎሚስታው መልእክት ላኩብኝ፣ "ለኔ ባይሆንም ለሌላ ለምታምኚው ሰው ብሎኖቹን አሳዪ ብለዋል" አለኝ። የማምነው ሰው! እሱን ከየት ላምጣ? "ሥራ አጥቶ ነው በለው" አልኩት። ጎሚስታው አየኝና፣ "እትዬ፣ እኚያ ሰው እኮ ዝም ያሉት የሚሉት አጥተው አይደለም" አለኝ። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቶ ነው ብዬ ናቅሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ያቺ "ዷ" ተመለሰች። መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ እያደር ጠነከረች። እና ማንን ጠረጠርኩ በሉኝ? እሳቸውን! ብሎኔን እየፈቱ፣ መኪናዬን አበላሽተው መልሰው ሊይዙኝ ነው አልኩ። እንዲያውም ገባኝ ብዬ ኮራሁ። ሌባ በእጅ ሲያዝ ነው ደስ የሚለው ብዬ ወጥመድ አዘጋጀሁ።

ከሰዓት ልጆቹ ሊለቀቁ ግማሽ ሰዓት ሲቀር መኪናዋን በር ላይ አቆምኩና ወደ ግቢ የገባሁ መስዬ ከዘበኛው ጎጆ ጀርባ ተደበቅሁ። አላሳፈሩኝም። መጡ። ግራ ቀኝ አዩ፣ ካርቶን አነጠፉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው በጀርባቸው ተኝተው እየተንፏቀቁ ከመኪናዬ ሥር ገቡ።

"ሌባ!" ብዬ ጮህኩ። "ኧረ ያዙልኝ! ሌባ!"

ዘበኛው ሮጦ እግራቸውን ይዞ ጎተታቸው። የተተኮሰው ቱታ በአፈር ተለወሰ። በቀኝ እጃቸው መፍቻ ይዘዋል፣ ግራ እጃቸው ተጨብጧል።

"ክፈት እጅህን!" አልኩ።

ከፈቱት። መዳፋቸው ላይ አንድ ብሎን ተቀምጧል።

"ይኸው! ብሎኔን ሲፈታ ያዝኩት! አያችሁ?" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት ልክ የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

"አልፈታሁትም" አሉ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "ከሞተሩ ሥር ያለው ቆርቆሮ ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት። ካላመንሽኝ አንቺው ግቢ። መፍቻ አትያዢ፣ በጣትሽ ንኪያቸው።"

ካላመንሽኝ! ገባሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ሰው እያየኝ፣ ካርቶኑ ላይ ተጋድሜ ገባሁ። አንዱ ቀዳዳ ባዶውን ነው። ከጎኑ ያለውን ብሎን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። እንደ ውኃ ጠርሙስ ክዳን ዞረ። ሦስተኛውም ዞረ። አራተኛው ብቻ ነበር የያዘው፣ እሱም በዘይት ረጥቦ ያብለጨልጫል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከላይኛው ሰፈር የሚያወርደውን ቁልቁለት አሥራ አራት ልጆች ይዤ ነው የወረድኩት። ትንሿ ከጎኔ ተቀምጣ ስትዘፍን ነበር። እዚያው በጀርባዬ እንደተጋደምኩ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ፈሰሰ። ለመውጣትም ዘበኛው ነው የጎተተኝ፣ እሳቸውን በጎተተበት እጁ።

"ጋሼ" አልኩ። "ያን ሁሉ ሰድቤዎት... ለምን መጡ?"

"ላንቺ ብዬ አልመጣሁም" አሉ፣ አቧራቸውን እያራገፉ። "መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ወንበሮቹን ቆጥሬያቸው ነበር።"

ወዲያው ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጥተው በሩ ላይ ተሰለፉ። እኔ ብሎኑን ጨብጬ ቆሜያለሁ።

"አሁን ቢያስሩልኝስ? ቀስ ብዬ ብነዳ?" አልኳቸው።

"አስረዋለሁ። ግን መድኃኒቱ ይደር። ዛሬ ልጅ አይጫንባትም።"

ያቺው ቃል ናት፣ ያው መድኃኒት፣ ብሎን በመንቀጥቀጥ እንዳይላላ የሚይዝ ጠብታ። ከወር በፊት ብትሆን ስንት ትርጉም አወጣላት ነበር። "ልጆች፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ እጅ ለእጅ ተያያዙ" አልኩ። "ዛሬ በእግር ነው።"

ልጆቹ እልል አሉ። ጋሽ ጠብታ ሳይጠየቁ የትንሿን ቦርሳ አንጠለጠሉ፣ እሷም እጃቸውን ያዘች። እኔ ኋላ ሆኜ እቆጥራለሁ፣ አሥራ አራት፣ እንደገና አሥራ አራት። ላይኛው ሰፈር ስንደርስ ከአንድ ዝቅ ያለ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ጮኸ።

"ጠብታ! ዛሬ እሑድ ነው እንዴ? ይሄን ሁሉ ልጅ ከየት አመጣኸው?"

ሌላው ቤት ይህ ነበር። ሰውየው ከባድ መኪና ነጂ ነበር፣ ጋሽ ጠብታ ደግሞ የዚያ መኪና መካኒክ። "ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ" አለኝ እየሳቀ። "አንድ ቀን አለቃችን ቶሎ በል ቢለው አንዲት ብሎን ቸኩሎ አሰረ። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ቀረሁ። እሱ ከዚያ ወዲህ ቸኩሎ አያውቅም። እሑድ እሑድ እየመጣ ጺሜን ይላጨኛል፣ እሱንም እንደ ብሎን ነው፣ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል!" ጋሽ ጠብታ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ትንሿ ልጅ "እንሂድ" ብላ ጎተተቻቸው።

በየበሩ ልጅ እያስረከብኩ እውነቱን ተናገርኩ። "መኪናዋን እኚህ ሰውዬ ሠርተዋት ነበር፣ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ልጆቻችሁን በላላ ብሎን ነድቻቸዋለሁ" አልኩ። አንዳንዱ አመሰገነኝ። አንዱ አባት ሁለቱን ልጆቹን አስገብቶ በሩን ዘጋ፣ ከዚያ በኋላም አልመለሳቸውም። አልፈርድበትም፣ እሱን ብሆን እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ጋሽ ጠብታ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ተመልሰው ብሎኖቹን አጥበው፣ ጠብ አድርገው፣ አሰሯቸው። በማግሥቱ ማለዳ ስደርስ መፍቻውን ይዘው ይጠብቁኛል።

"ሞክሪያቸው" አሉኝ።

"አልሞክርም ጋሼ። አምኜዎታለሁ።" በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይህ ቃል ከአፌ የወጣው፣ እመሰገንበታለሁ ብዬም ጠበቅሁ።

"እሱን ለራስሽ ያዢው" አሉ። "ልጆች ትጭኛለሽ። ሞክሪ።"

ገባሁ። ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ። አንደኛው አልተነቃነቀም፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ስወጣ ራሳቸውን ነቀነቁና ብልቃጧን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

ሞተሩን ሳስነሣ የአክስቴ ልጅ ደወለ። ወሬው ደርሶታል።

"እቴ፣ እውነት ነው? ያን ሽማግሌ መልሰሽ አመንሽው? አንቺ? ምን አድርጎብሽ ነው?"

"መጀመሪያ 'አድርገውብሽ' በል" አልኩት። "መድኃኒት ነው ያደረጉብኝ።"

ስልኩን ዘጋሁበት። አሥራ ሁለት ልጆች በር ላይ እየጠበቁኝ ነበር።